ሰሙ ያልታየበት ጸዳል

አንድ ወጣት መኪና ይወለውላል። የፊልሙ ታሪክ ከዚህ አያልፍም። በእጁ የያዘው ፊት ላይ ፓውደር የሚቀባበትን ለስላሳ ነገር የሚመስል፣ ግን ከዚያ እጅግ የተለቀ ነጭ ኳስ ነው። ጀርባው ከዳር እስከ ዳር ሮዝ፣ ልብሱ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው። ኳሱን በመኪናዋ ገላ ላይ ያንሸራትታል፣ ያነሣል፣ መልሶ ያሳርፋል። አንድም ቃል አይናገርም። የሚሰማው ፓሪስ ሲስተርስ የተባሉት እህትማማቾች «ድሪም ላቨር» የተሰኘውን የቦቢ ዳሪን ዘፈን በለሆሳስ ሲያዜሙት ነው። ሦስት ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ያልቃል።

አሜሪካዊው ኬኔት አንገር «ከስተም ካር ኮማንዶስ»ን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ከዚያ በፊት በሠራው «ስኮርፒዮ ራይዚንግ» በሞተር ሳይክል ወጣቶች ላይ ካሜራውን አዙሮ ስለነበር፣ ወደ ካሊፎርኒያ የመኪና ወጣቶች መሻገሩ የሚጠበቅ ነበር። ለዚህ ሥራ ፎርድ ፋውንዴሽን 10,000 ዶላር ሰጥቶታል። የታሰበው ከዚህ የረዘመ ፊልም ነበር፤ የቀረልን ግን ይቺ ቁራጭ ብቻ ናት። ስለ ፊልሙ የጻፉ ሰዎች አብዛኞቹ የሚያነሡት ካሜራው ወጣቱን የሚያይበትን የፍትወት ዓይን ነው። ልክ ናቸው፣ እሱን ሳያዩ ፊልሙን አየሁ ማለት አይቻልም። እኔን ያስቀመጠኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የመኪና ቀለም እንዴት እንደሚያበራ በዚህ ጥንቃቄ የተመለከተ ሌላ ፊልም አላውቅም። የዚያኑ ያህልም የሚያስቆጨኝ ጉድለት አለበት።

በመጀመሪያ ያገኘውን ልንገር። የቀለም ጥልቀት የሚባለው ነገር በፎቶ አይያዝም። ቆመን ስናየው መኪናዋ ዝም ብላ የምታብለጨልጭ ዕቃ ናት። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ስንሄድ ግን በቀለሙ ውስጥ ያለው ምስል፣ ሰማዩ፣ ግድግዳው፣ የራሳችን ትከሻ፣ ከላሜራው ተለይቶ መንሸራተት ይጀምራል። ዓይን ያን ጊዜ ነው ከገጹ በታች ሌላ ቦታ ያለ የሚመስለው። አንገር ይህን አውቆታል። ካሜራውን አያጣድፍም፤ ቀስ ብሎ በመኪናዋ ጎን ሲያልፍ ሮዙ ዳራ በኒኬሉ ላይ እየተለጠጠና እየተጠማዘዘ ይከተለዋል። ወጣቱም በኒኬሉ ውስጥ ሁለተኛ ሆኖ ይታያል። ዘፈኑ ደግሞ ለዚህ እንቅስቃሴ ልኩ ነው፤ ፈጣን ዜማ ቢሆን ኖሮ ዓይን ምስሉን ለመከተል ጊዜ ባላገኘ ነበር።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከብርሃኑ ነው። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ወደ ራሴ ነገር ልመለስ።

ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለች ጥቁር መኪና ገዛሁ። ያየኋት አመሻሽ ላይ፣ ጥላ ሥር ነበር። ኮፈኗ ላይ የባሕር ዛፉ ጫፍ ቅጠል በቅጠል ይታይ ነበር፤ እጄን ላሳርፍባት ሳስብ እንኳ ተሳቀቅሁ። ክረምቱ ገባ፣ አራት አምስት ጊዜ ታጠበች። ሰማዩ በጠራ በአንደኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ከላቫጆ ልወስዳት ስሄድ ፀሐይዋ ኮፈኑ ላይ ነጥብ ሆና አርፋለች፤ በነጥቧ ዙሪያ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ክብ በክብ ተዘርግቷል። ጥቁሩ ጥቁር መሆኑ ቀርቶ አመድ መስሏል። የሚያጥባትን ልጅ ምን አድርገህባት ነው አልኩት። አልተቆጣም። «ጋሼ፣ ይቺ ለሽያጭ ተቀብታ ነበር» አለኝ። «ጭረቱ አሁን አልመጣም፣ ድሮም ነበረ። የሸፈነው ነው የታጠበው።»

የሸፈነው ግሌዝ ነው። ግሌዝ ዘይትነት ያለው፣ ብዙ ጊዜም እጅግ የደቀቀ ነጭ ሸክላ የተቀላቀለበት ቅባት ነው። በቀለሙ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ጭረቶች ይሞላል። ደረቅ የወንዝ ድንጋይ ግራጫ ሆኖ ቆይቶ ውኃ ሲነካው የሚጠቁረውና ሥሩ የሚወጣው በምን እንደሆነ ያሰበ ሰው የግሌዝን ነገር ይረዳዋል። ሻካራው ገጽ ብርሃኑን ወዲህም ወዲያም ይበትነዋል፤ የተበተነውም ብርሃን እንደ ነጭ አቧራ ከቀለሙ ፊት ይቆማል። ሻካራው ሲሞላ ብርሃኑ ባንድ አቅጣጫ ይመለሳል፣ ቀለሙም ራሱን ያሳያል። ግሌዝ ግን መኪናውን ከምንም አይጠብቅም። ሳሙናና ዝናብ ቶሎ ያወጡታል። ስለዚህ በላዩ ሰም ይደረግበታል።

ከሰሞቹ ስመ ጥሩ የሆነው ካርናውባ ነው፤ ከሰሜን ምሥራቅ ብራዚል የሚመጣ የዘንባባ ሰም። ዛፉ ሰሙን በቅጠሉ ላይ የሚያወጣው ውኃው በደረቅ ፀሐይ እንዳይተን ነው። ቅጠሉ ተቆርጦ ይደርቃል፣ ይደበደባል፣ የረገፈው ብናኝ ይቀልጣል። ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ካልሆነ ስለማይቀልጥ በቀትር ፀሐይ የቆመ መኪና ላይም በቀላሉ አይለሰልስም። ይኸው ሰም በጫማ ቀለም ቆርቆሮ ውስጥም ብዙ ጊዜ አለ። የኛ ሊስትሮዎች ክሬሙ ቆዳውን ሳይሞላው ሰሙን እንደማያስቀድሙ ሁሉ የመኪናውም ቅደም ተከተል እንዲያው ነው።

ልጁ በሚቀጥለው እሑድ ኮፈኑን ሲሠራ ቆሜ አየሁት። መጀመሪያ ግማሹን ብቻ በደቃቅ ፖሊሽ አሽቶ አሳየኝ፤ መሐሉ ላይ መስመር የተሰመረበት ይመስል ነበር፣ ባንድ ወገን አመድ፣ ባንድ ወገን ሌሊት። ግን እስኪያልቅ አላሸውም። በአሁኖቹ መኪኖች ቀለም ላይ ያለው ብርጭቆ የመሰለ ሽፋን ከፀጉር ዘለላ የቀጠነ ነው፤ ጭረቱ እስኪጠፋ የሚፍቅ ሰው ሽፋኑንም ይጨርሰዋል። ጠለቅ ያሉትን ጭረቶች ትቶ በግሌዝ ሞላቸው፣ ከዚያ ሰሙን በስሱ ቀባ። የሰሙን መድረቅ የሚያውቀው በጣቱ ነበር። አሳርፎ ይጎትታል፤ ከዞረ ይጠብቃል፣ ዱቄት ሆኖ ከተነሣ በንጹሕ ፎጣ ይጠርገዋል። ስለዚህ ግሌዝን ማታለያ ነው ብዬ አልከስሰውም። የእኔ ሻጭ በደሉ መቀባቱ አልነበረም፤ ሳይነግረኝ በምሽት ብርሃን ማሳየቱ ነበር።

የአንገርም ብርሃን የምሽት ብርሃን ነው። ከየአቅጣጫው እኩል የሚመጣ፣ ለስላሳ፣ ሮዝ ያጠለለው ብርሃን፤ አንድም ቦታ ነጥብ ሆኖ አያርፍም። በእንዲህ ያለ ብርሃን ሥር የማያምር ቀለም የለም። መኪናዋ ጭረት አላት ማለቴ አይደለም፤ የላትም ብለን ለማመን ግን ፊልሙ ማስረጃ አይሰጠንም። አንድ ጊዜ፣ ለአምስት ሰከንድ እንኳ፣ በካሊፎርኒያ ቀትር ፀሐይ ቢያወጣት ኖሮ አድናቆታችን መሠረት ባገኘ ነበር።

ነጩ ኳስም እንዲሁ ነው። ምንም አይሠራም። ቢበዛ አቧራ ያነሣል። የዚያ ዘመን መኪና አስጊያጮች ግን ክንዳቸው እስኪዝል የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። ብዙ ጊዜ የሚቀቡት ላከር ነበር፤ ላከር ቶሎ ይደርቃል፣ በራሱ ግን ሙሉ በሙሉ አያበራም፣ ካልታሸ ደብዘዝ ብሎ ይቀራል። ካንዲ የሚባለው ቀለም የባሰ ነው። ሥሩ ላይ ብር ወይም ወርቅማ ቀለም ይነጠፋል፣ በላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀለም በስሱ ይደራረባል፣ በመጨረሻም ቀለም አልባው ሽፋን ይከተላል፤ በየመሐሉ በውኃ የራሰ ብርጭቆ ወረቀት ይሄድበታል። ብርሃኑ ቀለሙን አልፎ ወርቁ ላይ ደርሶ ስለሚመለስ ከረሜላ ውስጥ የሚያዩ ይመስላል። ከእነዚህ አስጊያጮች አንዱ የሆነው ጆ ቤይለን ስሙ የሚነሣው ይህን የከረሜላ ቀይ እስኪያገኝ ለዓመታት በመሞከሩ ነው። አሜሪካዊው ጸሐፊ ቶም ዎልፍ እ.ኤ.አ. በ1963 በእስኳየር መጽሔት ስለእነዚህ ሰዎች ሲጽፍ ከልቡ አርቲስት አድርጎ ነው የቆጠራቸው። አንገር ያንኑ ክብር ለመኪናዋና ለወጣቱ ውበት ሰጠ፣ ለእጃቸው ግን ነፈገው።

ኳሱ ምልክት ነው፣ ሥራ አይደለም የሚለኝ ይኖራል። ገብቶኛል፣ እንደ ምልክትም የሚረሳ አይደለም፤ ሥራው አልቆ ሰው በሠራው ነገር ላይ ያለ ምክንያት እጁን የሚያሳርፍባትን ሰዓት ይዟል። ያቺን ሰዓት አውቃታለሁ። ልጁ ኮፈኑን ከጨረሰ በኋላ አንድም እድፍ በሌለበት ቦታ ላይ ፎጣውን ደጋግሞ ሲያሳርፍ አይቻለሁ፤ ደስታ ነበር። ግን ደስታውን ያመንሁት ከዚያ በፊት ያለውን ሦስት ሰዓት ስላየሁ ነው። ሦስት ደቂቃ ያለው ፊልም ግማሽ ደቂቃውን ለብርጭቆ ወረቀቱ ቢሰጥ ኳሱ ሲመጣ ያለው ልስላሴ እጥፍ ይሆን ነበር። ምናልባት ያልተሠራው ረጅም ፊልም ውስጥ ይኖር ይሆናል፤ እኔ የምፈርደው ባለው ላይ ነው።

በድጋሚ ሳየው አንድ ነገር ብቻ ፈለግሁ። ሰም የተቀባ መኪና ምንም ያህል ቢጠረግ የሆነ ቦታ ላይ ነጭ ቅሪት አይጠፋውም፤ በሩ ከላሜራው በሚገጥምበት ስንጥቅ፣ በመብራቱ ጎማ ጠርዝ፣ በምልክቱ ፊደሎች መሐል፣ በሠሪው ጥፍር ሥር። ያቺ ነጭ ክር እጅ እንዳለፈበት ትመሰክራለች። ካሜራው ወደ መኪናዋ በተጠጋ ቁጥር ወደ ስክሪኑ ተጠጋሁ፣ ስንጥቁን አየሁ፣ ጠርዙን አየሁ። ወጣቱ በመጨረሻ ከመሪው ኋላ ሲቀመጥ ጣቶቹን አየሁ። ንጹሕ ነበሩ።