ከምስሉ ውጭ የቀረው ቡይት ራስ

በፊልም ያየኸውን ቦታ በእግርህ ሄደህ ለማየት ጓጉተህ ታውቃለህ? ደባርቅ የማስተምራቸው ወጣቶች ስለ ጓጉ ባለፈው ጥቅምት ወደ ቡይት ራስ ይዣቸው ወጣሁ። ያስጓጓቸው ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2006 ያቀረበው «ፕላኔት ኧርዝ» የተሰኘ ተከታታይ ፊልም ነው። ስለ ተራሮች በሚናገረው ክፍሉ የእኛ ጭላዳዎችና ዋልያዎች አሉበት። አንዱ ልጅ ምስሉን በስልኩ ከፍቶ፣ ገደሉ ዘንድ ቆሞ፣ ከፊቱ ካለው ጋር ያስተያይ ጀመር። «ይኸው፣ እዚህ ጋ ነው!» አለ። እኔ እጠራጠራለሁ፤ የሰሜን ገደል ሁሉ ይመሳሰላል። ደስታውን ግን አላበላሸሁበትም።

ይህ ልማድ በጃፓን ስም አለው። የአኒሜ ወዳጆች ታሪኩ የተሳለበትን እውነተኛ ሰፈር ፈልገው ይሄዳሉ፤ ጉዞውንም «ሴይቺ ጁንሬይ» ይሉታል፣ ወደ ቅዱስ ስፍራ መሳለም እንደ ማለት ነው። (ቃሉ እኛን ወንጌላውያንን ትንሽ ይጎረብጠናል፤ ጌታ ለሳምራዊቷ ሴት ስለ ተራራው የመለሰላትን ሰምተን ያደግን ነንና።) ማኮቶ ሺንካይ በ2016 ባወጣው «ኪሚ ኖ ና ዋ» በተባለው ፊልም መጨረሻ ላይ ሁለቱ ወጣቶች የሚገናኙበት ደረጃ ቶኪዮ ውስጥ፣ ዮትሱያ በሚባል ሰፈር፣ ሱጋ ከተባለው የሺንቶ መቅደስ አጠገብ ይገኛል። ቀይ የእጅ መደገፊያ ያለው ተራ ደረጃ ነው።

ፊልሙን የማደንቀው እዚህ ላይ ነው። ሠዓሊዎቹ ሰማዩን ከእውነተኛው አብልጠው አሳምረውታል፤ የመብራት ምሰሶውን፣ የተንዘላዘለውን ሽቦ፣ የሰው ቤት ግድግዳ ግን አልሰረዙም። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ሰው የሚደርሰው ሰው ከሚኖርበት መንገድ ነው። ይህን የሚረሱ ጎብኚዎችም አሉ፤ «ስላም ደንክ» በተባለው አኒሜ መግቢያ ላይ የሚታየው የካማኩራ የባቡር ማቋረጫ ፎቶ አንሺ አጨናንቆት የሰፈሩን ሰው አማሯል። ጥፋቱ ግን የጎብኚው እንጂ የሥዕሉ አይደለም።

የእኛውን ፊልም በዚህ ዓይን ስመዝነው ቅር ይለኛል። ውበቱን አልክድም። ካሜራው ትዕግሥት አለው፤ ጭላዳዎቹ ተቀምጠው ሣር እየነጩ ሲበሉ ጣቶቻቸውን እንድትመለከት ያደርግሃል። ሰው ግን የለበትም። ገብስ የለም፣ ጎጆ የለም፣ የማለዳ ጭስ የለም። ያሳየው ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ፣ ሰሜንን እግር ያልረገጠው ምድር አስመስሎታል።

ነገሩ የአቀራረጽ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍሁልህ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 ደግሞ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። በ2016 በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች፣ ከ400 የሚበልጡ አባወራዎች፣ ተነሥተው ወደ ደባርቅ መጡ። በዓመቱ ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። የግጦሹ ጫና እውነት ነበር፤ ዋልያም ከሰሜን በቀር ሌላ አገር የለውም፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ሰው አልባውን ሰሜን ደጋግሞ ያየ ወጣት፣ ሰው መነሣቱን ሲሰማ ቦታው ወደ ጥንቱ የተመለሰ ይመስለዋል። አንዱ ተማሪዬ እንዲያ ብሎኛል፤ እሱም የተማረው ከግጭ ከመጡ ልጆች ጋር በአንድ ዴስክ ተቀምጦ ነው። ፊልሙ ከዴስኩ ይልቅ አስተምሮታል ማለት ነው። እኔም መምህሩ ነኝና ከዚህ ነገር ነጻ አይደለሁም፤ ወደ ቡይት ራስ ስንወጣ ስለ ገደሉ ጥልቀት እንጂ ስለ መንደሩ አንድ ቃል አልተናገርሁም።

ስንመለስ ደባርቅ ገበያው አጠገብ ከግጭ የመጡ አንድ አባት አገኘን። ልጁ ጭላዳዎቹን በስልኩ አሳያቸው። ቆም ብለው አዩና ሳቁ። «እነዚህን ከገብሳችን ስናባርር አይደል ያደግነው!» አሉ።

«አባባ፣ ቤትዎ በየት በኩል ነበር?» አላቸው።

ጣታቸውን በምስሉ ላይ ሳቡት፤ ከስልኩ ጠርዝ አሳልፈውም የልጁን መዳፍ ነኩና «በዚህ በኩል» አሉት።