ጳጉሜን 6 የተቆረጠ ደረሰኝ

አዲስ የተመደበልን የፕሮጀክት ሒሳብ ሠራተኛ ጠረጴዛዬ ላይ የተከመረውን ደረሰኝ እየገለበጠ፣ «ጋሼ፣ ከጀርባው በእርሳስ የሚጽፉት ሦስት ቀን ምንድን ነው? ኤክሴሉ ራሱ ይቀይረው የለ?» አለኝ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ በአንድ ቃል ልመልስለት ፈልጌ አቃተኝ።

አንዱ ቀን የኛ ነው፤ የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሁለተኛው የረጂው ነው፤ አንዱ ታኅሣሥ 22 ሒሳቡን ይዘጋል፣ ገንዘቡ የአሜሪካ መንግሥት ከሆነ ደግሞ መስከረም 20። ሦስተኛው የጣና ነው። የሥራ ባልደረቦቼ የሚስቁብኝ በዚህኛው ነው።

ጣና ለማንም በጀት አይታዘዝም። ጉማራና ርብ ደለሉን ተሸክመው የሚወርዱት ሐምሌና ነሐሴ ነው። ከጣና በቀር የትም የማይገኙት የባርበስ ዓሣ ዝርያዎችም ሊራቡ ወንዝ አፍ ላይ የሚሰበሰቡት በክረምቱ ነው። ሒሳቡን የምንይዝለት ተመራማሪ ጀልባና ቤንዚን የሚፈልገው እንግዲህ «የወሰድከውን አወራርድ፣ አዲሱ በጀት ገና አልተጫነም» በሚባልበት ሰሞን ነው። ስለዚህ እኔ ሒሳብ የማስረው ከወር ጋር ሳይሆን ከጉዞ ጋር ነው። ደረሰኙ ጀርባ «ጉማራ አፍ፣ 4ኛ ጉዞ» ብዬ እጽፋለሁ፤ የሄደውም ሰው የቦቲው ጭቃ ሳይደርቅ ያወራርዳል። በየወሩ መጨረሻ ይጠቃለል የሚሉ አሉ። ይበሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር ለገበያ ሲለቀቅና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ሲያልፍ፣ የትኛው ደረሰኝ በየትኛው ምንዛሪ እንደሚታሰብ ለመለየት ክምር ሲበትኑ ያመሹት እነሱ ናቸው።

እርሳሱን ያስያዘኝ ግን አንድ ደረሰኝ ነው። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ለእምቦጭ አረም ጥናት ናሙና ሊያመጡ የወጡ ልጆች 20 ሊትር ቤንዚን ገዙ። ሻጩ ለበዓሉ ዶሮ ሊገዛ ቸኩሏል መሰለኝ፣ በተንጋደደ ጽሕፈት 6/13/2011 ብሎ ቆረጠላቸው። ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበረች። ከወራት በኋላ ከረጂው ድርጅት ሁለት ደብዳቤ መጣ። አንዱ ኦዲተር ወሩን አስቀድሞ በአሜሪካኖች ልማድ አንብቦታል፤ ወጪው ፕሮጀክቱ ከመጀመሩ ከስንት ዓመት በፊት የወጣ ነው ይላል። በእነሱ 2011 እኮ እምቦጩ ራሱ ጣና ላይ ገና መታየቱ ነበር! ሁለተኛው ቀኑን አስቀድሞ አነበበና፣ 13ኛ ወር የሚባል ስለሌለ ደረሰኙ ሐሰተኛ ነው አለ። ልጁ የሚመካበት ኤክሴልም በአሜሪካ አቀማመጥ ከተከፈተ እንደ መጀመሪያው ኦዲተር ነው የሚያነበው፤ ያውም ሳይጠይቅ።

የዚያን ዕለት ማታ መልሱን ስጽፍ አባቴ ትዝ አሉኝ። ዘጌ ያገለገሉ መሪጌታ ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያኑን የዘመን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብን ያስቆጥሩኝ ነበር። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልሞሉ «ከወንበሩ ጀምር» ይሉኛል እንጂ የት እንደሳትኩ አይነግሩኝም። የ2012ን በቃሌ አወጣሁት፦ ወንበሩ 6፣ አበቅቴው 6፣ መጥቅዑ 24። ልክ መጣ። የሒሳብ ትምህርት ቤት ገብቼ ዴቢትና ክሬዲት እኩል መሆን አለበት ሲሉኝ አዲስ ነገር ያልሆነብኝ ለዚህ ነው፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ሌላ ሰው የበላውን ቤንዚን ስቆጥር መዋሌም ያን ያህል ያልመረረኝ ለዚህ ይመስለኛል። ለኦዲተሮቹ ስለ ባሕረ ሐሳብ ሁለት ገጽ ጻፍኩ፤ ደግነቱ ጠዋት አንብቤ ሰረዝኩት። የሁለቱን ካሌንደር ማነጻጸሪያ ሰንጠረዥና ሦስት መስመር ብቻ ላክሁ። ወጪው ተቀባይነት አገኘ።

ይህን ሁሉ ለልጁ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «ታዲያ ለምን በእስክሪብቶ አይጽፉትም?» አለኝ። የጀልባው ጉዞ በማዕበል ወደ ነገ ሲዛወር እሱም ያየዋል።