ብርሃኑ ምን ያህል ገባ? ጥሩ የኮምፒውተር ምስል መለያ

በኮምፒውተር የተሠራ ፊት ወይም ማር አይተን «እውነተኛ ይመስላል» ከማለታችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቅ፦ ብርሃኑ ምን ያህል ገብቶ ነው የተመለሰው? ብረት ብርሃንን ከላዩ ይመልሳል። ወተት፣ ሰምና ቆዳ ግን ያስገቡታል፤ ውስጥ ለውስጥ ተበትኖ ከገባበት ራቅ ብሎ ይወጣል። ባለሙያዎቹ ሰብሰርፌስ ስካተሪንግ ይሉታል።

ሙያው ለምንኖርባት ኮሎራዶ እንግዳ አይደለም። ሲግራፍ የተባለው የኮምፒውተር ግራፊክስ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1974 የተጀመረው በቦልደር ነው፤ በ2024 ደግሞ ዴንቨር አስተናግዳዋለች። በ2001 ጄንሰን፣ ማርሽነር፣ ሌቮይና ሃንራሃን በዚሁ ጉባኤ ያቀረቡት ስሌት የእብነ በረድን፣ የወተትንና የቆዳን ብርሃን በተግባር ለማስላት መንገድ ከፈተ።

ዓይናችሁን ለማሠልጠን እዚሁ ኮሎራዶ ሃቫና ስትሪት ካሉት የሐበሻ መደብሮች ጧፍና ዕጣን ግዙ፤ የስልካችሁን መብራት ከኋላቸው አብሩ።

ጧፍ። የበራ ጧፍ ከነበልባሉ ሥር ይደምቃል፤ ወደ ታች እየወረደ ይደበዝዛል። ሰሙ ከላይ እስከ ታች እኩል ካበራ ሠሪው ብርሃኑን አላሰላውም፤ ቀብቶታል።

ዕጣን። የሙጫው ቅንጣት ስስ ዳሩ ላይ ብርሃን ያሳልፋል፤ ወፍራም መሀሉ ይጠቁራል። ምስሉ ላይ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ከሆነ መጠኑን ተጠራጠሩ። መጠን ለቆዳም ወሳኝ ነው፦ ብርሃን ቆዳ ውስጥ የሚጓዘው በሚሊሜትር በሚለካ ርቀት ነው። ልኩ ከተሳሳተ ሰው የሰም አሻንጉሊት ወይም ድንጋይ ይመስላል።

ጠጅ። የተጣራ ጠጅ ብርሃንን በቀጥታ ያሳልፋል። ስለዚህ በብርሌው ሆድ ቀለሙ ይጠልቃል፣ በአንገቱ ይሳሳል። ያልተጣራው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ነገሮች ግን ብርሃኑን ይበትኑታል፤ ከኋላው ያለው አይታይም፣ መልኩም ይነጣል። ጎበዝ ሠሪ ሁለቱን አያምታታም።

ፊት። ዋናው ፈተና እዚህ ነው። ቆዳ ውስጥ ቀይ ብርሃን ከሰማያዊው ይርቃል፤ ስለዚህ በነጣ ያለ ቆዳ ላይ የጥላው ዳር ይቀላል፣ ጆሮም ከኋላ ሲበራበት ይፈካል። በጠቆረ ቆዳ ግን የላይኛው ንብርብር ሜላኒን (ቆዳን የሚያጠቁረው ቀለም) ብዙውን ብርሃን ጠልቆ ሳይገባ ይውጠዋል። ቅርጹን አጉልቶ የሚያሳየው የግንባርና የጉንጭ ወዝ፣ እንዲሁም ወዙ ላይ የሚያርፈው የአካባቢው ብርሃን ነው። የዬል ዩኒቨርሲቲው ቴዎዶር ኪም ከ2020 ጀምሮ በአደባባይ የተከራከረው ይህንኑ ነው፦ ሙያው የነጭ ቆዳን ብርሃን አሳላፊነት የሰው ቆዳ ሁሉ መለኪያ አድርጎታል። ልክ ነው። ለነጭ ቆዳ የተቀመመውን ወስዶ ቀለሙን ብቻ ያጠቆረ ሠሪ የሚያወጣው አመድማ ፊት ነው።

ስለዚህ የሐበሻ ፊት ስትመዝኑ ወዙን አስቀድሙ። ግንባር ላይ ያለው ከጉንጩ ይለያል? የቆዳው ቀዳዳዎች ይሰባብሩታል ወይስ እንደ ዘይት ወጥ ሆኖ ተለጥፏል? ቀጥሎ መዳፉን ተመልከቱ፤ ሜላኒኑ አነስተኛ ስለሆነ ከእጁ ጀርባ ይልቅ ብዙ ብርሃን ሊያስገባ ይገባል።

በመጨረሻም አንድ ምስል ብቻ አትቀበሉ። ያው ፊት ከጎንና ከኋላ በርቶበት እንዲታይ ጠይቁ። መብራቱ ሲዞር የሚፈርስ ሥራ ለአንድ ማዕዘን ብቻ የተዘጋጀ ነው። ለልጆቻችን የሚቀርበው አኒሜሽን እየበዛ ነው፤ ሠሪውን ለማስተካከል ደግሞ ተመልካቹ መጠየቅ አለበት። ፊታችንን የሚሠራ፣ ፊታችንን አይቶ ይሥራ።