ጎጆን ስለ ገለጠ ፎቶግራፍ

ፎቶግራፍ በመልኩ ይመዘናል፤ በተገኘበትም መንገድ ሊመዘን ይገባል። ይልቁንም የወፍ ጎጆና ጫጩት የሚያሳይ ሥዕል ሲሆን ይህ ፍርድ ሊቀር አይገባውም። ሰው ሥዕሉ ሲነሣ ፈቃዱን ይጠየቃል፤ ወፍ ግን እንቢ የምትልበት አንደበት የላትም፤ እንቢታዋ ጎጆዋን ጥላ መሄድ ብቻ ነው።

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አገር ክረምት ሲገባ፥ ጎጆ ሠሪዎቹ ቢጫ ወፎች ሣር እየሰነጠቁ በወንዝ ዳር ዛፍ ጫፍ ላይ ቤታቸውን ያንጠለጥላሉ። ርግብና ዋኔም በየደብሩ አጸድ ይራባሉ። ዛሬ ካሜራ በብዙ ወጣቶች የእጅ ስልክ ውስጥ ስላለ የጎጆ ሥዕል ብዙ አያለሁ። ከነዚህ ሁለቱን ላነጻጽር።

በመጀመሪያው ሥዕል ላባ ያላወጡ ሦስት ጫጩቶች አፋቸውን ከፍተው በጠራ ብርሃን ይታያሉ። ያየው ሁሉ አድንቆታል። እኔ ግን ዓይኔን ከጫጩቶቹ ወደ ዳር መለስሁ። በጎጆው ዙሪያ ያሉት ቅርንጫፎች ገና በቅርቡ የተቈረጡ ናቸው፤ ፀሐይ በራቁት ገላቸው ላይ ወርዳለች፤ እናታቸውም የለችም። እንግዲህ ይህን ብርሃን ያመጣው ቢላዋ ነው። ሁለተኛው ሥዕል ከሩቅ የተነሣ ነው፤ ግማሹን ቅጠል ሸፍኖታል። ነገር ግን እናቲቱ ትል በአፍዋ ይዛ ጎንበስ ብላ ስታጐርስ ትታያለች። ጥራቱ ቢያንስም እኔ ይህን አስበልጣለሁ፤ የፊተኛው ድንጋጤን፥ የኋለኛው ኑሮን ያሳየናልና።

ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው አንሺው ከሄደ በኋላ ነው። እናት ተሸብራ ከራቀች ዕንቍላሉ ይበርዳል፤ ወይም ፀሐይ ያበላሸዋል። የተገለጠውን ጎጆ ቁራና ጭልፊት ከላይ፥ እባብ ከታች ያገኙታል። ለመብረር ጥቂት ቀን የቀራቸው ጫጩቶችም ደንግጠው ያለ ጊዜያቸው ይዘላሉ።

«ወንጭፍ ከሚይዝ ልጅ ካሜራ የሚይዝ አይሻልም ወይ?» የሚለኝ ይኖራል። በእርግጥ ይሻላል። ነገር ግን ባለወንጭፉ መግደሉን ያውቃል፤ ባለካሜራው ግን ገድሎ ሳለ የወፍ ወዳጅ ነኝ ይላል። ኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ፥ ጎጆ ያገኘ ሰው እናትን ከልጆችዋ ጋር እንዳይወስድ ይከለክላል። በእንግሊዝ አገርም በ1981 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የወጣው ሕግ፥ ብርቅ የሆኑትን ወፎች በጎጆአቸው ሳሉ ያለ ፈቃድ ማወክን ወንጀል አድርጎታል።

ትዕግሥት ከቢላዋ እንደሚሻል ከቀደሙት እንማር። እንግሊዛውያኑ ወንድማማቾች ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን፥ ሥዕሎቹ ሁሉ ፎቶግራፍ የሆኑ የወፍ ጎጆ መጽሐፍ በ1895 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር አወጡ። ኋላም ሆዱ ባዶ የሆነ የበሬ ምስል በቆዳ አሠርተው፥ በውስጡ ተሸሽገው ወፍ ይጠብቁ ነበር። የጎጃም ገበሬ ይህ አያስደንቀውም፤ ሲያርስ ነጫጭ ወፎች በበሬዎቹ እግር ሥር ሲለቅሙ ያያልና። ወፍ የምትፈራው አቅንቶ የሚመጣባትን፥ ዓይኑንም የሚተክልባትን ነው።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ የጎጆ ሥዕል ባያችሁ ጊዜ ከማድነቃችሁ በፊት «እናቲቱ የት አለች?» ብላችሁ ጠይቁ። ራሳችሁ ስታነሡም ቅጠል አትንኩ፤ ርቃችሁ ቁሙ፤ ስፍራውንም ለሁሉ አታውሩ። እናቲቱ ከጮኸች ወይም ወደ ጎጆዋ መግባት ከፈራች፥ ሥዕሉ ቢቀርባችሁም ተመለሱ።