ፊቱ አላማረኝም

እኔ የምለው፣ ገዳዩ ማን እንደሆነ እያወቁ የወንጀል ታሪክን መልሶ ማንበብ ምን ይሉታል? እንቆቅልሽ እንኳ መልሱ አንዴ ከታወቀ አገር አያሰጥም! የሼርሎክ ሆልምስ አንባቢዎች ግን ይህን ሲያደርጉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆናቸው።

ሰውዬው ብቅ ያለው በ1887 ነው፤ እንግሊዝ በንግሥት ቪክቶሪያ ስትገዛ። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።) ደራሲው አርተር ኮናን ዶይል በ1893 ሰለቸውና ፏፏቴ ውስጥ ጨምሮ ተገላገለው። አንባቢ ግን “ሞቷል” ቢሉት አልሰማም አለ። በ1903 ደራሲው እጁን ሰጠ፤ “ለካስ አልሞተም” ብሎ መለሰው። በድምሩ 4 ልብ ወለዶችና 56 አጫጭር ታሪኮች ተጻፉለት።

ብዙ ሰው “ጣዕሙ ያለው እንቆቅልሹ ላይ ነው” ይላል። እኔ አይመስለኝም። በ1892 የወጣውን “ባለ ነጠብጣቡ መቀነት” የተባለውን ታሪክ ተመልከቱ። መግደያው እባብ ነው። በገመድ ይወርዳል፣ ሲያፏጩለት ይመለሳል፣ ለውለታውም ወተት ይቀርብለታል። ወይ እባብ! ይህን የሚያምን ልጅ እንኳ ማግኘት ይከብዳል። ሆኖም ዶይል ራሱ ከታሪኮቹ ሁሉ ያስበለጠው ይህንኑ ነው፤ አንባቢም አልሰለቸውም።

ታዲያ የሚጎትተን ምንድን ነው? እስቲ የቤከር ጎዳናዋን ክፍል እንያት። በ1891 ታሪኮች ውስጥ ወደዚያች ክፍል የቦሄሚያ ንጉሥ ይመጣል። በጽሕፈት መኪና እየተየበች የምትተዳደር ሴት ትመጣለች። ዕቃ በመያዣ ተቀብሎ ገንዘብ የሚያበድር ነጋዴም ይመጣል። ሆልምስ “የማን ልጅ ነህ?” ብሎ አይጀምርም። እጅጌውን፣ ጫማውን፣ ጣቱን ያያል። መጀመሪያ ያያል፣ ከዚያ ይናገራል። እኛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተናግረን ስናበቃ ነው የምናየው!

የዘመኑ እንግሊዝም ከእኛ የተሻለች አልነበረችም። በ1860 ሮድ በተባለ መንደር፣ በአንድ የተከበረ ቤተሰብ ቤት፣ አራት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ታርዶ ተገኘ። ከለንደን የተላከው መርማሪ ጆናታን ዊቸር የሕፃኑን የ16 ዓመት እህት ኮንስታንስን ያዘ። አገር ጮኸ። “እንዴት አንድ ተራ ፖሊስ የጨዋ ልጅ ይጠረጥራል?” ተባለ። ልጅቷ ተለቀቀች፤ የዊቸር ስም ግን ጠፋ። በ1865 ኮንስታንስ ራሷ መግደሏን አመነች። በ1868 ዊልኪ ኮሊንስ “የጨረቃ ድንጋይ” የተባለውን ልብ ወለዱን ሲጽፍ ከዚህ ጉዳይ ብዙ ወስዷል። የመርማሪ ታሪክ ያደገው እንግዲህ ማስረጃ በክብር በተረታበት አገር ነው።

ሆልምስንም ቢሆን ዝም ብለን አናሞግሰው። በ1890 በወጣው “የአራቱ ምልክት” ውስጥ የአንዳማን ደሴቶች ሰው ይጠረጠራል። ያ የሲጋራ አመድ ሳይቀር የሚመረምር ሰው አንድ መጽሐፍ ከመደርደሪያ ያወርዳል። የደሴቶቹ ሰዎች መልከ ጥፉና ሰው በላ ናቸው የሚለውን ያነባል፤ በቃ። “ማን አየ? መቼ?” የለም። ለለንደን ጭቃ የሚያስፈልገው ማስረጃ ለጥቁር ሰው ሳያስፈልግ ቀረ።

የሚገርመው፣ ደራሲው ከ16 ዓመት በኋላ ከዚሁ ነገር ጋር ፊት ለፊት መገናኘቱ ነው። ጆርጅ ኢዳልጂ የሕግ ባለሙያ ነበር፤ አባቱ የሕንድ ተወላጅ፣ የግሬት ዋይርሊ መንደር ቄስ። በ1903 በሌሊት ፈረስ ወግተሃል ተብሎ ሰባት ዓመት ተፈረደበት። ሦስቱን ከታሰረ በኋላ ተለቀቀ፤ ስሙ ግን አልጸዳም። ዶይል የዓይን ሕክምና ያጠና ሐኪም ነበር። ሊያገኘው ሲሄድ ሰውዬው ጋዜጣውን ዓይኑ ሥር ለጥፎ ሲያነብ አየ። ይህ ሰው በጨለማ ሜዳ አቋርጦ ከብት ሊያርድ? ዶይል በ1907 ጉዳዩን በጋዜጣ አወጣው። በዚያው ዓመት ኢዳልጂ ምሕረት ተደረገለት፤ ካሳ ግን አንድ ሳንቲም አልተሰጠውም። እንግሊዝም በዚያው ዓመት የወንጀል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አቋቋመች፤ ጫጫታው የራሱ ድርሻ ነበረው።

እንግዲህ መልሰን የምናነበው ለዚህ ይመስለኛል። ሌባውን እማ እናውቀዋለን። የምንናፍቀው ያን ሁሉ ጣት የተቀሰረበት ሰው ባርኔጣውን አንስቶ በነጻ ወደ ቤቱ ሲሄድ ማየት ነው። መጽሐፉ ላይ ይህ በሃያ ገጽ ያልቃል። ኢዳልጂ ሦስት ዓመት ታስሮ ያገኘው ግማሹን ነው።

“ፊቱ አላማረኝም” ስንል ቢያንስ ጫማውንም እንይለት።