በዓይን ያዩትን ማመን፦ የሴናተር ጄምስ ኢንሆፍ የሕግ አውጪነት ዘመን

ጄምስ ኢንሆፍ ከ1994 መጨረሻ እስከ 2023 መጀመሪያ የኦክላሆማ ግዛትን ወክለው በአሜሪካ ሴኔት የተቀመጡ ሪፐብሊካን ነበሩ (ዓመቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ አስቀድሞ በግዛቲቱ ሁለት ምክር ቤቶች 10 ዓመት፣ በቱልሳ ከተማ ከንቲባነት 6 ዓመት፣ በፌዴራሉ የተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ 8 ዓመት ያህል አገልግለዋል። በዓለም ዘንድ የሚታወቁት ግን በአንድ ነገር ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ የአየር ንብረት ለውጥን በመካድ። ክህደቱ እውነት ነው፤ ያደረሰው ጉዳትም ቀላል አይደለም። የሕግ መዝገቡ የሚያሳየው ሰው ግን ከዚህ ሰፋ ያለ ነው። የመንገድና የውኃ በጀት ከተቀናቃኞቻቸው ጋር ተስማምተው ያጸደቁ፣ የኬሚካል ቁጥጥር ሕግ እንዲታደስ የረዱ፣ በአፍሪካ ጉዳይ ከአብዛኞቹ ባልደረቦቻቸው የበለጠ የተመላለሱ ሰው ናቸው። እነዚህን ሁሉ የሚያያይዝ አንድ ጠባይ አለ። ኢንሆፍ በእጃቸው የዳሰሱትን፣ ፊት ለፊት ያነጋገሩትን ያምኑ ነበር፤ በግራፍና በጥናት ተጠቃልሎ የመጣላቸውን ግን በጥርጣሬ ያዩ ነበር። ጥንካሬያቸውም ድክመታቸውም ከዚሁ ይመነጫል።

በ1934 አዮዋ ውስጥ ዲ ሞይን ከተማ ተወልደው ያደጉት ቱልሳ ነው። ለአጭር ጊዜ በወታደርነት ካገለገሉ በኋላ በኢንሹራንስና በቤት ግንባታ ንግድ ተሰማሩ። ወደ ከንቲባነት የገፋፋቸው ምን እንደሆነ ራሳቸው ሲተርኩ፣ የአንድ አሮጌ ሕንፃ የእሳት አደጋ መውጫ ደረጃን ለማዛወር ፈቃድ ጠይቀው የከተማው መሐንዲስ እንደከለከላቸው ያነሱ ነበር። እንደ ትረካቸው ለሰውየው «ተወዳድሬ አባርርሃለሁ» ብለው ዝተው፣ ተወዳድረው አሸንፈው አባረሩት። ታሪኩ በመደጋገም የተወለወለ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ወግ አጥባቂነታቸው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት ደጃፍ እንደጀመረ በደንብ ያስረዳል። በ1974 ለግዛት አስተዳዳሪነት ተወዳድረው በዴሞክራቱ ዴቪድ ቦረን ተሸነፉ። ከ20 ዓመት በኋላ ቦረን የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ለመሆን ከሴኔት ሲለቁ መቀመጫቸውን የወረሱት ኢንሆፍ ናቸው።

በተወካዮች ምክር ቤት ዘመናቸው ከሠሩት ሁሉ የላቀው ዛሬ ብዙም የማይነገርለት የ1993ቱ የደንብ ማሻሻያ ነው። የምክር ቤቱ አመራር አንድን ረቂቅ ኮሚቴ ውስጥ ቆልፎ ሲያስቀረው፣ 218 አባላት ከፈረሙ ረቂቁ በግድ ወደ ጉባኤው የሚወጣበት አቤቱታ አለ። የፈራሚዎቹ ስም ግን በደንቡ መሠረት ምስጢር ነበር። ስለዚህ አንድ አባል ለመራጮቹ የረቂቁ ደጋፊ ነኝ እያለ፣ ረቂቁን ነፃ ሊያወጣ የሚችለውን ወረቀት ሳይፈርም መቅረት ይችል ነበር፤ የሚያጋልጠው አልነበረም። ኢንሆፍ ስሞቹ ይፋ እንዲሆኑ ጠየቁ። አመራሩ ሲያመነታ ጉዳዩ ወደ ጋዜጦች ወጣ፤ በመስከረም 1993 ምክር ቤቱ ለውጡን በ384 ለ40 ድምፅ አጸደቀው። ያኔ በምክር ቤቱ አናሳ በነበረው ፓርቲ ውስጥ ላለ፣ የኮሚቴ ሥልጣን ለሌለው አባል ይህ ትልቅ ድል ነው። ደንቡ ዛሬም ይሠራል፤ ማንኛውም ዜጋ ማን እንደፈረመና ማን እንዳልፈረመ ማየት ይችላል። በግልጽነት ረገድ ከኢንሆፍ የሥራ ዘመን ሁሉ ያለ ክርክር ሊመሰገን የሚገባው ይህ ነው።

በ1994ቱ ምርጫ ዴሞክራቱን ዴቭ ማክከርዲን አሸንፈው ሴኔት ገቡ። ዘመቻው በሃይማኖት፣ በጦር መሣሪያ ባለቤትነትና በግብረ ሰዶም ጉዳዮች ላይ ያተኮረ ነበር፤ ኢንሆፍ በእነዚህ አቋሞቻቸው እስከ መጨረሻው ጸንተዋል። በግብርና በማኅበራዊ ጉዳዮች ድምፃቸውን አስቀድሞ መገመት ይቻል ነበርና በዚህ በኩል ብዙ የሚተነተን ነገር የለም። ልዩ የሚያደርጋቸው የበጀት አመለካከታቸው ነው። መንግሥት በመከላከያና በመሠረተ ልማት ላይ በልግስና ማውጣት አለበት፤ ከዚያ ውጪ ያለውን ይቀንስ ይሉ ነበር። የምክር ቤት አባላት ለየአካባቢያቸው ፕሮጀክት የሚያስመድቡትን ገንዘብ የራሳቸው ፓርቲ ሰዎች ሲያወግዙ፣ ገንዘቡን የምክር ቤት አባል ካልመደበው ያልተመረጠ ሹመኛ ይመድበዋል ሲሉ ተሟገቱ። ይህ ክርክር የኦክላሆማውን ሌላ ሪፐብሊካን ሴናተር፣ ቶም ኮበርንን፣ በቀጥታ የሚቃረን ነበር።

የአየር ንብረት ጉዳይ የመጣው የአካባቢና የሕዝብ ሥራዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ በሆኑበት በ2003 ነው። በሐምሌ ወር መጨረሻ በሴኔቱ ወለል ላይ ባደረጉት ረጅም ንግግር ሰው ሠራሽ የዓለም ሙቀት መጨመር በአሜሪካ ሕዝብ ላይ ከተፈጸሙት ማጭበርበሮች ሁሉ ትልቁ እንደሚመስላቸው ተናገሩ። በዚያው ዓመት ጥቅምት የጆን ማኬይንና የጆ ሊበርማን የካርቦን ልቀት ረቂቅ በ55 ተቃውሞና በ43 ድጋፍ ወደቀ። በ2005 ኮሚቴያቸው ስለ ሳይንስና ፖሊሲ ምስክርነት ሲሰማ ከተጠሩት አንዱ ልብ ወለድ ደራሲው ማይክል ክራይተን ነበሩ። የሴራ ታሪክ የጻፈ ደራሲ በሳይንሳዊ ጉዳይ የባለሙያ ወንበር ላይ መቀመጡ ምንጭን ከምንጭ ለማመዛዘን የኮሚቴው ሰብሳቢ ምን ያህል ፈቃደኛ እንዳልነበሩ ያሳያል። ኦክላሆማ የነዳጅና የጋዝ ግዛት መሆኗ፣ ኢንዱስትሪውም ለምርጫ ዘመቻቸው ሳያሰልስ ገንዘብ ማዋጣቱ የታወቀ ነው። ግን ጉዳዩን በገንዘብ ብቻ መፍታት አይበቃም። ኢንሆፍ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 8 ያለውን የዘርና የመከር፣ የብርድና የሙቀት ቃል ኪዳን እየጠቀሱ፣ የሰው ልጅ የእግዚአብሔርን ሥራ መለወጥ ይችላል ማለት ትዕቢት ነው ብለው ከልባቸው ያምኑ ነበር።

ይህ እምነት በጥር 2015 እንግዳ የሆነ ድምፅ አሰጥቷቸዋል። ዴሞክራቱ ሼልደን ኋይትሃውስ የአየር ንብረት ለውጥ እውነት እንጂ ማጭበርበር አይደለም የሚል አንድ መስመር ማሻሻያ ሲያቀርቡ ኢንሆፍ ተባባሪ አቅራቢ ሆኑ፤ ማሻሻያው በ98 ለ1 አለፈ። ማብራሪያቸው አየሩ ምንጊዜም ሲለዋወጥ የኖረ ነው፣ ማጭበርበሩ ሰው ይለውጠዋል ማለቱ ላይ ነው የሚል ነበር። ከአንድ ወር በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 26 ቀን፣ ከውጭ የተጠቀለለ በረዶ በላስቲክ ከረጢት ይዘው ወደ ሴኔቱ ገቡ። ያለፈው 2014 ከተመዘገቡት ዓመታት ሁሉ ሞቃቱ ነው መባሉን አስታውሰው፣ ውጭው እጅግ ቀዝቃዛ መሆኑን ተናግረው፣ በረዶውን ወደ ሰብሳቢው መድረክ ወረወሩት። የአንድ ከተማ የአንድ ቀን ብርድ በመላው ምድር የዓመት አማካይ ላይ ምንም እንደማያስረዳ የሚያውቅ ሁሉ በትርኢቱ አዘነ። ከኢንሆፍ ጠባይ አንጻር ግን ነገሩ ያልተጠበቀ አልነበረም፤ አማካይ ሙቀት በእጅ አይያዝም፣ በረዶ ይያዛል። መዘዙ ከትርኢቱ በላይ ነው። በ2017 ከጆን ባራሶ ጋር ሆነው 22 ሪፐብሊካን ሴናተሮች የፈረሙበትን፣ ከፓሪሱ የአየር ንብረት ስምምነት መውጣትን የሚጠይቅ ደብዳቤ ለፕሬዚዳንት ትራምፕ ላኩ፤ ትራምፕ መውጣቱን ያወጁት በቀጣዩ ወር መጀመሪያ ነው። የቀድሞ የኮሚቴ ሠራተኛቸው አንድሩ ዊለርም የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ለመሆን በቁ። አንድ ሴናተር የሚያሠለጥናቸው ሠራተኞች ከእርሱ ድምፅ የረዘመ ዕድሜ እንዳላቸው ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

በዚያው ኮሚቴ ግን ሌላ ታሪክም አለ። የ1976ቱ የመርዛማ ኬሚካሎች ሕግ እጅግ ደካማ ከመሆኑ የተነሳ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ በ1989 አስቤስቶስን ለማገድ ያወጣውን ደንብ ፍርድ ቤት በ1991 አብዛኛውን ክፍል ሽሮበት ነበር። ዴሞክራቱ ፍራንክ ላውተንበርግ ሲሟገቱለት የኖሩትና ከሞቱ በኋላ በስማቸው የተሰየመው ማሻሻያ በ2016 የጸደቀው ኢንሆፍ ሰብሳቢ፣ የካሊፎርኒያዋ ባርባራ ቦክሰር ደግሞ የተቃዋሚው ወገን ተጠሪ ሳሉ ነው። በአየር ንብረት ጉዳይ ፈጽሞ የማይግባቡት እነዚህ ሁለት ሰዎች በ2015 305 ቢሊዮን ዶላር ያህል የያዘውን የአምስት ዓመት የመንገድና የትራንስፖርት ሕግም አብረው አሳልፈዋል። በ2024 አሜሪካ በሥራ ላይ የነበረውን የአስቤስቶስ ዓይነት ለማገድ የቻለችው በዚያ የታደሰ ሕግ ነው።

በኦክላሆማ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ የነበረችው የፒቸር ከተማ ጉዳይ ደግሞ ሐሳባቸውን መለወጥ ይችሉ እንደነበር ያሳያል። ከተማዋ በእርሳስና በዚንክ ማዕድን የተገነባች ነበረች፤ ቁፋሮው ሲያበቃ በቤቶቹ መካከል የእርሳስ ብናኝ ያለበት ግራጫ የጠጠር ተራራ ቀረ፤ ልጆች ይጫወቱበት ነበር። መንግሥት በ1983 በአስቸኳይ መጽዳት ካለባቸው ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባት። ነዋሪዎች ቤታቸውን መንግሥት ገዝቶ እንዲያስወጣቸው ሲጠይቁ ኢንሆፍ ለዓመታት ከማስወጣት ይልቅ ማጽዳትን መረጡ። በ2006 የሠራዊቱ መሐንዲሶች ከመንገዶችና ከቤቶች ሥር ያለው ባዶ ዋሻ በማንኛውም ጊዜ ሊደረመስ እንደሚችል ሲያረጋግጡ ግን አቋማቸውን ቀይረው ግዢውን ደገፉ። የለወጣቸው የባለሙያ ጥናት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ልዩነቱ ጥናቱ ስለሚያውቁት መሬትና ስለ ራሳቸው መራጮች መሆኑ ነው።

አብራሪነታቸውም ሕግ ወልዷል። ኢንሆፍ ከ10 ሺህ ሰዓት በላይ የበረሩ ሰው ነበሩ፤ በ1991 የአብራሪውን የዋይሊ ፖስትን የዓለም ዙር ጉዞ ለመዘከር ዓለምን በትንሽ አውሮፕላን ዞረዋል። በጥቅምት 2010 ደቡብ ቴክሳስ ውስጥ ለጥገና በተዘጋና ትልቅ የኤክስ ምልክት በተደረገበት ማኮብኮቢያ ላይ፣ ሠራተኞች እየሠሩበት ሳለ አረፉ። የአቪዬሽን ባለሥልጣኑ ተጨማሪ ሥልጠና እንዲወስዱ አዘዛቸው። በ2012 የጸደቀው የአብራሪዎች መብት ሕግ የዚህ ገጠመኝ ውጤት ነው፤ የሚመረመር አብራሪ የቀረበበትን ማስረጃ እንዲያይና ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ይግባኝ እንዲል ይፈቅዳል። ሕጉ በይዘቱ ተገቢ ነው። ሆኖም ሌላ አብራሪ በተመሳሳይ ጥፋት ተከስሶ ሕግ የማስቀየር ዕድል አይኖረውም፤ ይህ ሳይነሳ ሊታለፍ አይገባም።

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ቅርብ የሆነው ክፍል የአፍሪካ ጉዟቸው ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኢንሆፍ በክርስቲያናዊ የጸሎት ኅብረት ትስስር ወደ አህጉሪቱ ደጋግመው ተጓዙ፤ ኢትዮጵያም ከሚመላለሱባቸው አገሮች አንዷ ነበረች፤ ቤተሰባቸውም ከዚያ አንዲት ልጅ በጉዲፈቻ አሳድጓል። አሜሪካ በ2007 ያቋቋመችውን የአፍሪካ ዕዝ አጥብቀው ደገፉ፤ የጌታ ተከላካይ ሠራዊት የተባለውን የኡጋንዳ ታጣቂ ቡድን የሚመለከተውን የ2010 ሕግም አብረው ገፉ። መሪዎችን በቤታቸው ያውቁ ነበርና ስለ አህጉሪቱ ሲናገሩ ከንፈር መምጠጥ አይታይባቸውም ነበር። ግን የግል ወዳጅነት ፍርድን ያጣምማል። በኮትዲቯር በ2010 ምርጫ የተሸነፉት ሎራን ባግቦ ሥልጣን አልለቅም ሲሉ ኢንሆፍ በሴኔቱ ወለል ቆመው ለቀድሞ ወዳጃቸው ተከራከሩ፤ ምርጫው እንዲደገም ጠየቁ። በኢትዮጵያም ከ2005ቱ ምርጫ በኋላ 193 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ከደረሰበት በኋላ፣ ዶናልድ ፔይን ያቀረቡትና ዕርዳታን ከሰብዓዊ መብት ጋር የሚያያይዘው ረቂቅ በጥቅምት 2007 የተወካዮች ምክር ቤትን ሲያልፍ ኢንሆፍ ተቃወሙት። ክርክራቸው ኢትዮጵያ በሶማሊያ ጉዳይ ወሳኝ የፀጥታ አጋር ናት የሚል ነበር። በዋሽንግተን አካባቢ ቢሮ ለቢሮ እየዞሩ ለረቂቁ ድጋፍ ያሰባሰቡ ኢትዮጵያውያን ረቂቁ ሴኔት ውስጥ ሲሞት አዩ። መሪውን ቀርቦ ያወቀ ሰው የሟቹን ቤተሰብ ግን አላወቀም፤ የኢንሆፍ የአፍሪካ ፖሊሲ ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ነው።

ከማኬይን ሞት በኋላ ከ2018 እስከ 2021 የጦር ኃይሎች ኮሚቴን መሩ። የመጨረሻው ፈተና የ2020 መጨረሻ ነው። የዓመቱ የመከላከያ ሕግ በእርስ በርስ ጦርነቱ ለተገነጠለው ደቡብ የተዋጉ ጄኔራሎችን ስም የተሸከሙ የጦር ሰፈሮች ስም እንዲለወጥ ያዝዝ ነበር፤ ኢንሆፍ ራሳቸው ይህን አልወደዱትም፤ ለትራምፕም ስሞቹ እንደሚቆዩ ቃል ገብተው ነበር። ትራምፕ በዚህና የማኅበራዊ መገናኛ ኩባንያዎችን ከተጠያቂነት የሚጠብቀው አንቀጽ ባለመሻሩ ምክንያት ሕጉን ሲሽሩ ግን ኢንሆፍ ከሕጉ ጎን ቆሙ፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ሴኔቱ ሽረቱን በ81 ለ13 ሻረ። ከ5 ቀን በኋላም ምክር ቤቱ በተወረረበት ዕለት የምርጫውን ውጤት የሚቃወሙትን አልተቀላቀሉም፤ ሴናተር የገባው መሐላ እንደማይፈቅድ ተናገሩ። ትራምፕን ከሥልጣን ለማንሳት በቀረቡት ሁለቱም የክስ ሂደቶች ግን ፕሬዚዳንቱን ነፃ ለማውጣት ድምፅ ሰጥተዋል።

በጃንዋሪ 2023 ሴኔቱን ሲለቁ ማርክዌይን መሊን ተተኩባቸው። የዚያ በጀት ዓመት የመከላከያ ሕግ በኢንሆፍ ስም ተሰየመ። ጄምስ ኢንሆፍ በሐምሌ 2024 በ89 ዓመታቸው አረፉ።