«ዜንዚሌ» ከጭላሎ ግርጌ ሲደመጥ

የጃዝ ድምፃዊቷ ሶሚ «ዜንዚሌ» የተሰኘ አልበሟን ያወጣችው የካቲት 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ደቡብ አፍሪካዊቷ ዘፋኝ ሚሪያም ማኬባ በሕይወት ብትኖር ኖሮ በዚያ ዕለት 90 ዓመት ይሞላት ነበር። የአልበሙ ርእስ የማኬባ የትውልድ ስም ነው፤ ሶሚ ደግሞ ከኡጋንዳና ከሩዋንዳ ወላጆች አሜሪካ የተወለደች፣ ስለ ማኬባ ሕይወት የሙዚቃ ትያትር ጽፋ ራሷ የተወነች ባለሙያ ናት። ማኬባ ለኛ ሩቅ ሰው አይደለችም። ግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት አዲስ አበባ መጥታ በመሪዎቹ ፊት ዘፍናለች።

የመታሰቢያ አልበም ትልቁ አደጋ ፍቅር ነው። ዘፋኙ የሚወደውን ድምፅ እንዳይጎዳ ሲሳሳለት አስመስሎ መዝፈን ላይ ይወድቃል፤ አድማጩም ዋናውን ቅጂ ይናፍቃል። ሶሚ እንዴት እንዳመለጠች «ፓታ ፓታ» ላይ በደንብ ይሰማል። ዘፈኑ እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካ ውስጥ ገንኖ ማኬባን ዓለም ይበልጥ ያወቀበት ነው፤ እሷ ግን ቁም ነገር ከሌላቸው ዘፈኖቿ አንዱ የሆነው ይህ ዘፈን ገናና መሆኑ አይዋጥላትም ነበር። ሶሚ የጭፈራውን ምት አርግባ ዜማውን ታጠቁረዋለች። ይህን ስንሰማ ማኬባ የነበረችበት ሁኔታ ይታወሰናል፦ እ.ኤ.አ. በ1960 ፓስፖርቷ ተሰርዞ፣ እናቷን መቅበር ተከልክላ፣ 30 ዓመት ከአገሯ ርቃ ሌላውን ስታስጨፍር የኖረች ሴት። ይህ ትርጓሜ ከማንኛውም የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ባልተናነሰ ማኬባን ያስረዳል።

አልበሙ ሁሉ በዚህ ከፍታ ላይ አይቆይም። አንጀሊክ ኪጆ፣ ግሪጎሪ ፖርተር፣ ሌዲስሚዝ ብላክ ማምባዞና ሌሎችም በእንግድነት ገብተዋል፤ አንዳንዴ ሥራው ወደ ክብረ በዓል ያጋድላል። ሶሚ ብቻዋን ስትቀር ነው ሐሳቧ የሚጠራው።

ከጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ አርሲ ደጋ ላደገ ጆሮ የሶሚ አካሄድ ባዕድ አይሆንበትም። የኦሮሞን የገድል ዘፈን፣ ጌረርሳን፣ የሚያሰማ ሰው የአባቶቹን ገድል ሲያነሳ የነሱን ቃል እንዳለ አይደግምም፤ የራሱን ውሎ እያስገባ፣ ከጎኑ ያሉት «በርታ!» እያሉት በዚያው ሰዓት ይቀምረዋል። በሴቶች የጸሎት ሥርዓት በአቴቴም ሲንቄ የተባለውን በትር የያዙ እናቶች ሲወጡ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ የዕለቱ ጭንቀት ድርቅም ይሁን በደል ቃሉ ውስጥ ይገባል። እዚህ ማክበር ማለት መጨመር ነው። በመሣሪያም ቢሆን ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ከአፍ ወስዶ ለሳክስፎን ሲሰጥ ያደረገው ይህንኑ ነበር።

ታዲያ ለድምፃዊው ለአሊ ቢራስ እንዲህ ያለ መታሰቢያ አይገባውም? ድሬዳዋ ተወልዶ ገና ልጅ ሳለ ከአፍራን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጋር የጀመረው፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በዐረብኛ የተጫወተው አሊ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ከአርሲዋ ከተማ ከአሰላ 75 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው አዳማ አረፈ። ዘፈኖቹ ዛሬም በየሠርጉ ይሰማሉ፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ኪቦርዱ የድሮውን ቅንብር ይከተላል፣ ዘፋኙም የአሊን እርጋታ ለመምሰል ይጣጣራል። በቅን ልቦና የሚደረግ ቢሆንም አሊን ባለበት ያቆመዋል። አሊ ራሱ ዑድን ከጊታር ጋር ያዋሐደ፣ በሄደበት አገር ሁሉ ጆሮውን የከፈተ ሰው ስለነበር ይህ ለሱ ያንስበታል።

የምመኘው አልበም ከአርሲ በወጣች፣ ጌረርሳንም ጃዝንም በምታውቅ ድምፃዊት የሚሠራ ነው። የአሊን «አማሌሌ» ትውሰድና ኪቦርዱን ታስወጣው፤ ዑዱንና ቤዙን ብቻ ታስቀር። ተቀባይ ሆነው የአቴቴ እናቶች ይግቡ፤ ስማቸው በሽፋኑ ላይ ይጻፍ፣ ክፍያቸውም እንደ ማንኛውም ሙዚቀኛ ይሁን። በመሐል እሷ የራሷን ግጥም ታስገባ፤ አሊ ያላያትን የዛሬዋን አሰላ ትንገረው።